የሞንትጎመሪ ስምሪት

ሞንትጎመሪ መሐል ዴክስተር የሚባል ጎዳና አለ። ከታች፣ ፏፏቴው ካለበት አደባባይ ይነሳና ኮረብታው ላይ እስከተሠራው የአላባማ ምክር ቤት ነጭ ሕንፃ ድረስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ረጋ ብሎ ለሚራመድ ሰው አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት በፊት አደባባዩ ላይ ሰው በጨረታ ይሸጥ ነበር፤ ይህን የሚናገር ጽሑፍ ቆሞበታል። እዚያው ጥግ ላይ ካለ ሕንፃ በ1861 የፌዴራሉ ጦር ምሽግ በመድፍ እንዲመታ የሚፈቅድ ቴሌግራም ወደ ቻርልስተን ተላከና ጦርነቱ ተለኮሰ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሮዛ ፓርክስ በዲሴምበር 1 ቀን 1955 አመሻሹ ላይ ከልብስ ስፌት ሥራዋ ወጥታ፣ መቀመጫዬን አልለቅም ብላ የታሰረችበትን አውቶቡስ የተሳፈረችው ከዚሁ አደባባይ ነው፤ ዛሬ ሐውልቷ እዚያ ቆሟል። ሽቅብ ሲወጡ ማርቲን ሉተር ኪንግ በ25 ዓመቱ መጋቢነት የጀመረበት የቀይ ጡብ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። እላይ ደረጃው ላይ ደግሞ ጄፈርሰን ዴቪስ ለባርነት የቆመው የደቡቦች መንግሥት ፕሬዚዳንት ሆኖ ቃለ መሐላ የፈጸመበትን ቦታ የነሐስ ኮከብ ያመለክተዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሆኖ ጮክ ብሎ የተጣራ ሰው ኮከቡ ላይ ለቆመው ይሰማዋል። ሌላ ከተማ ታሪኩን በየሰፈሩ ይበትናል፤ ሞንትጎመሪ አንድ መንገድ ላይ ደርድራዋለች።

አብሮኝ የመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። አትላንታ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነድቷል፤ ታላቄ ስለሆነ ወንድም ጋሼ ነው የምለው። የመጣነው ኪንግ የሰበከበትን ቤተ ክርስቲያንና ሰልማ ያለውን ድልድይ ለማየት ነበር፤ ሁለቱንም አየን። ይሁንና ከዚህ ጉዞ ልቤ ውስጥ የቀሩት የመኪና ስምሪት፣ ትልልቅ ድስቶችና ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረ የማባዣ ማሽን ናቸው። የምጽፈውም ስለ እነሱ ነው። የጥቁር አሜሪካውያን የእኩልነት ትግል በእኛ ዘንድ ሲወራ ከአንድ ሰው አንደበት የወጣ ይመስላል፤ እዚያ ደርሶ ላየው ግን የብዙ ሰው የዕለት ተዕለት ጉልበት ነበር።

ያኔ፣ በ1955፣ የሞንትጎመሪ አውቶቡስ 36 መቀመጫ ነበረው። የፊተኞቹ 10 ለነጭ የተጠበቁ ናቸው፤ ነጭ ተሳፋሪ ባይኖርም ጥቁር አይቀመጥባቸውም። የኋለኞቹ 10 የጥቁር ናቸው፤ መሐል ያሉት 16 እንደ ሾፌሩ ፈቃድ ነው። አንድ ነጭ መቀመጫ ካጣ በዚያ ረድፍ ያሉት ጥቁሮች በሙሉ ይነሳሉ፤ ጎን ለጎን መቀመጥ ክልክል ነዋ። ጥቁር ተሳፋሪ በፊት በር ገብቶ ሳንቲሙን ይከፍላል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ በር ለመግባት ይሮጣል። ሂሳቡን ተቀብሎ ሰውየውን መንገድ ላይ ጥሎ የሚሄድ ሾፌር ጥቂት አልነበረም። እንግዲህ ከአራት ተሳፋሪ ሦስቱ ጥቁር ነው። አውቶቡሱ ነዳጅ የሚቀዳው በሚያዋርዳቸው ሰዎች ሳንቲም ነበር፤ ይህን ስሌት ቀድመው የሠሩት ሴቶች ናቸው።

ጆ አን ሮቢንሰን በአላባማ ስቴት ኮሌጅ የእንግሊዝኛ መምህርት ነበረች። በ1949 ባዶ ሊባል በሚችል አውቶቡስ ወደ ፊት ጠጋ ብላ በመቀመጧ ሾፌሩ ሊመታት የተዘጋጀ መስሎ ጮኸባትና እያለቀሰች ወረደች። በኋላ የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት የሚባለው ማኅበር መሪ ሆነች። ሮዛ ፓርክስ ከመታሰሯ ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድማ፣ በሜይ 1954፣ ነገሩ ካልተሻሻለ ሕዝቡ አውቶቡስ መሳፈር ሊያቆም እንደሚችል ለከንቲባው ጽፋ አስጠንቅቃለች። ስለዚህ የፓርክስን መታሰር የሰማች ሌሊት ምን ላድርግ ብላ አልተጨነቀችም። ወደ ኮሌጁ ሄዳ ከአንድ ባልደረባዋና ከሁለት ተማሪዎቿ ጋር እስከ ንጋት ጥሪውን ሲያባዙ አደሩ። በአንድ ገጽ ላይ ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አትመው ለሦስት እየቆረጡ፣ ሰኞ ማንም አውቶቡስ እንዳይሳፈር የሚጠይቅ ወረቀት በአሥር ሺዎች አወጡ። ጠዋት በ2 ሰዓት ክፍል ገብታ አስተማረች። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ በየትምህርት ቤቱ፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየቢራ ቤቱ፣ በየፋብሪካው ደጃፍ ተበተነ። ማሽኑም ወረቀቱም የመንግሥት ኮሌጅ ንብረት ነው፤ ቢታወቅ እንጀራዋ ይቋረጣል፣ የኮሌጁም በጀት አደጋ ላይ ይወድቃል። ወረቀት መበተን ምን እንደሚያስከፍል በአገሩ ያየ አንባቢ የዚያችን ሌሊት ልብ ምት ይገምተዋል። በአድማው ወራት ቤቷ መስኮት ላይ ድንጋይ ተወረወረ፤ መኪናዋም ላይ አሲድ ተደፋ።

ሰኞ ዲሴምበር 5 አውቶቡሶቹ ባዶአቸውን ዞሩ። የሚገርመው የመጀመሪያው ጥያቄ ትንሽ መሆኑ ነው፤ የመለያየቱ ሥርዓት ይወገድ እንኳ አላሉም። ሾፌሮች በአክብሮት ያስተናግዱን፤ ጥቁር ከኋላ፣ ነጭ ከፊት ጀምሮ ይቀመጥና ቀድሞ የተቀመጠ አይነሳ፤ ጥቁር በሚበዛበት መስመር ጥቁር ሾፌሮች ይቀጠሩ፤ ይኸው ነው። ከተማዋ ይህንንም እምቢ አለች። ለአንድ ቀን የታሰበው አድማ ቀጠለ።

ወደ 40 ሺህ ሰው በየቀኑ ሥራ ቦታው መድረስ አለበት። መጀመሪያ ጥቁር ባለታክሲዎች በአውቶቡሱ ዋጋ፣ በ10 ሳንቲም፣ መጫን ጀመሩ። ከተማዋ ከ45 ሳንቲም በታች ማስከፈል ክልክል ነው የሚለውን ደንብ አንስታ ከለከለቻቸው። ኪንግ ሉዊዚያና ውስጥ ባተን ሩዥ ለምትገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ፣ ለጀሚሰን፣ ደወለ፤ እነሱ በ1953 አጭር አድማ አድርገው የግል መኪናዎችን አሰማርተው ነበር። ምክሩ ተወሰደ። 300 ያህል ባለመኪኖች መኪናቸውን ሰጡ፤ ጠዋትና ማታ ሰው የሚጫንባቸው ከ40 በላይ ቦታዎች ተለዩ፤ መንገዱን በማውጣት ፖስታ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ረዱ። ሪቻርድ ሃሪስ የሚባል የመድኃኒት ቤት ባለቤት መድኃኒት እየቀመመ በስልክ ያሰማራ ነበር።

በፓርክስ መታሰቢያ ሙዚየም የዚያን ዘመን ስቴሽን ዋገን ቆሟል። አብያተ ክርስቲያናት እንዲህ ያሉ መኪናዎች ገዝተው ስማቸውን በራቸው ላይ አስጽፈው ያሰማሯቸው ነበር። ወንድም ጋሼ መኪናውን ዞሮ ዞሮ አልጠገበውም።

«አየሽ፣ ሬዲዮ የለ፣ ሞባይል የለ፣ ጂፒኤስ የለ» አለኝ። «ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የአንድ ሰፈር ሰው ሁሉ እኩል ነው የሚወጣው። አንዷ መኪና ከዘገየች ቀጣዩ ሁሉ ይበላሻል። ይህን ለአንድ ሳምንት መያዝ ራሱ ከባድ ነው።»

አሥራ አንድ ወር ያህል ያዙት። ፖሊስ ነጂዎቹን በማይረባ ሰበብ እያስቆመ ይቀጣ ነበር፤ ኪንግም ጃንዋሪ 26 ቀን 1956 በሰዓት 25 ማይል በሚፈቀድበት 30 ነድተሃል ተብሎ ታሰረ። ከአራት ቀን በኋላ ሚስቱና ሕፃን ልጁ ውስጥ እያሉ ቤቱ ላይ ቦምብ ተጣለ። ቀጥሎ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የመኪናዎቹን ውል በየተራ ሰረዙ።

«ባለታክሲን መግደል የፈለገ በኢንሹራንስ ነው የሚገድለው» አለ ወንድም ጋሼ፣ ሳይስቅ።

ውሉን ያስገኘላቸው አሌግዛንደር የሚባል የአትላንታ ጥቁር የኢንሹራንስ ወኪል ነው፤ ለንደን ድረስ ተጻጽፎ በሎይድስ በኩል። ወንድም ጋሼ የሚኖርባት ከተማ በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅ እንዳላት ሲያነብ ፊቱ በራ። የቤት ሠራተኞቻቸውን ራሳቸው እየነዱ የሚያመላልሱ ነጭ የቤት እመቤቶችም ነበሩ፤ ከንቲባው ተዉ ብሎ ቢለምናቸውም ብዙዎቹ አልሰሙትም። መኪና ያልደረሰው በእግሩ ሄደ።

ቤንዚኑስ በማን ገንዘብ? ከሩቅ የመጣ መዋጮ ነበር፤ እኔ ግን ጆርጂያ ጊልሞርን ማንሳት እወዳለሁ። የስድስት ልጆች እናት፣ ምግብ ቤት ውስጥ አብሳይ ነበረች። በማርች 1956 በኪንግ የፍርድ ሂደት ላይ ቆማ ሾፌሩ ሂሳቧን ተቀብሎ ጥሏት እንደሄደ መሰከረች፤ ከሥራዋ ተባረረች። ኪንግ በቤቷ እንድታበስል አደፋፈራት፤ ለድስትና ለመጥበሻ መግዣም ረዳት። ማእድ ቤቷ የትግሉ ሰዎች ምሳ የሚበሉበትና የሚመክሩበት ሆነ። ከሁሉ በላይ ግን ሴቶችን አሰባስባ የዶሮ ሳንድዊች፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ኬክና ፓይ አዘጋጅተው በየፀጉር ቤቱ፣ በየታክሲ መቆሚያው፣ በየቤቱ በር እንዲሸጡ አደረገች፤ ገቢው በየሳምንቱ ለመኪናዎቹ ነዳጅ ይውላል። ማኅበሩን «ከየትም ያልመጣው ክለብ» አሉት። አብሳዮቹ አብዛኞቹ በነጭ ቤት ተቀጥረው የሚኖሩ ናቸው፤ ገንዘቡ ከየት መጣ ሲባል ከየትም ማለት ይቻላል። ከገዢዎቹ መሐል ነጮችም ነበሩ፤ የሚያጣጥሙት ኬክ የሚያሳድዱትን አድማ ነዳጅ እንደሚሞላ ሳያውቁ። ጊልሞር የሞተችው በማርች 1990 ነው። በ1965 ከሰልማ ወደ ሞንትጎመሪ የተደረገው ሰልፍ 25ኛ ዓመት ሊከበር ነበርና በዓሉን ለሚያከብሩት ሰዎች ዶሮና ማካሮኒ ለመሥራት ማልዳ ተነስታ ነበር፤ ያበሰለችውን ለቅሶ የመጡት በሉት።

አድማውን በሕግ የቋጨው ክስም ቢሆን የሮዛ ፓርክስ አይደለም። ከሳሾቹ አራት ሴቶች ናቸው፤ ኦሬሊያ ብራውደር፣ ሱዚ ማክዶናልድ፣ ሜሪ ሉዊስ ስሚዝና ክሎዴት ኮልቪን። ኮልቪን ከፓርክስ ዘጠኝ ወር ቀድማ፣ በ15 ዓመቷ፣ አልነሳም ብላ በፖሊስ ተጎትታ ወርዳለች። ልጅ በመሆኗና ከድሃ ቤት በመውጣቷ መሪዎቹ የትግሉ ፊት እንድትሆን አልመረጧትም። ስሌታቸው ይገባኛል፤ ግን ያሳዝነኛል። የልጅነት የወንጀል መዝገቧ የተሰረዘላት በ2021፣ በ82 ዓመቷ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኖቬምበር 13 ቀን 1956 ፈረደላቸው። በዚያው ቀን የሞንትጎመሪ ፍርድ ቤት የመኪና ስምሪቱን አገደ። የፍርዱ ትእዛዝ በወረቀት ከዋሽንግተን እስኪደርስ አንድ ወር ያህል ፈጀ። ያን ወር ሕዝቡ አሸንፎም ያለ መኪና፣ በእግሩ ሄደ። ዲሴምበር 21 ጠዋት ወደ አውቶቡስ ተመለሱ።

ከተማዋ ውስጥ ሌላም ቦታ አለ፤ በ2018 የተከፈተው የሊንቺንግ፣ ማለትም ያለ ፍርድ በመንጋ የመግደል፣ ሰለባዎች መታሰቢያ። ከ800 በላይ የዛጉ የብረት ዓምዶች ተሰቅለዋል፤ እያንዳንዱ የአንድ ካውንቲ ነው፤ ከ4,400 በላይ ሰዎች ይታሰቡበታል። መጀመሪያ ዓምዶቹ በቁመትህ ልክ ናቸው፤ ወለሉ እየወረደ ሲሄድ ከራስህ በላይ ይንጠለጠላሉ። ስለዚህ ቦታ ብዙ መጻፍ አልሆነልኝም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ የአውቶቡስ መቀመጫ አልለቅም ያሉት ሰዎች የኖሩበት አገር ይህ ነበር። እምቢ ማለት ምን ሊያመጣ እንደሚችል አያቶቻቸው ነግረዋቸዋል።

ወደ ሰልማ የሚወስደው 80 ቁጥር መንገድ ላውንድስ ካውንቲን ሰንጥቆ ያልፋል። ሜዳ፣ የግጦሽ መሬት፣ አልፎ አልፎ ዛፍ። መንገዱ ዳር ከፍ ያለች ቦታ ላይ በብረት አጥር የተከለለ ድንጋይ አለ። ቪዮላ ሊዩዞ የዲትሮይት ነዋሪ፣ የአምስት ልጆች እናት ነበረች። በ1965 ሰልማ ድልድይ ላይ ሰልፈኞች ሲደበደቡ በቴሌቪዥን አይታ መኪናዋን አስነስታ መጣች። ማርች 25 ወደ ሞንትጎመሪ የተደረገው ሰልፍ ሲያበቃ ሰልፈኞችን ወደ ሰልማ ስታመላልስ ዋለች፤ ሌሎችን ልታመጣ ስትመለስ የዘረኛው ቡድን የኩ ክሉክስ ክላን ሰዎች በመኪና አሳደው እዚህ ገደሏት። በአላባማ ግዛት ፍርድ ቤት የተቀመጡ ነጭ የጁሪ አባላት በግድያው ማንንም ጥፋተኛ አላሉም፤ ነፍሰ ገዳዮቹ 10 ዓመት የተፈረደባቸው በፌዴራል ፍርድ ቤት፣ በሌላ ክስ ነው። ወንድም ጋሼ ጽሑፉን አንብቦ ኮፍያውን አወለቀ። ሰው አድርሳ ስትመለስ፣ አለ። የሾፌር ሞት ነው የሞተችው።

ሰልማ ውስጥ ያለው ድልድይ የታወቀ ነውና አላረዝምም። እስካሁን የሚጠራው በኤድመንድ ፔተስ፣ በደቡቦች ጄኔራልና በክላን መሪ ስም ነው። ማርች 7 ቀን 1965 ወደ 600 ሰው ሲሻገር ፖሊሶች በዱላና በአስለቃሽ ጭስ ተቀበሏቸው፤ የ25 ዓመቱ ጆን ሉዊስ ራሱን ተፈነከተ። ያኔ ሰልማ ባለችበት ካውንቲ ለምርጫ ዕድሜው ከደረሰ 15 ሺህ ገደማ ጥቁር የተመዘገበው 300 ያህል ብቻ ነበር። የመመዝገቢያው ቢሮ በወር ሁለት ቀን ብቻ ይከፈት ነበር፤ የገባውን በጥያቄ ያጣድፉታል፣ ስሙም ለአሠሪው ይደርስ ነበር። ድልድዩን ስንሻገር ከታች ወንዙ ደፍርሶ ይሄዳል፤ ከተማዋ ውስጥ የጃንዋሪ 2023ቱ አውሎ ነፋስ የሰበራቸው ቤቶች ጣሪያቸው ገና በሸራ እንደተሸፈነ ነበር።

ከዚያ ደም በኋላ ኦገስት 6 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የመምረጥ መብት ሕጉን ፈረመ። ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1965፣ ያው ጆንሰን ሌላ ሕግ ፈረመ፤ የስደተኞች ሕግ። ከ1924 ጀምሮ አሜሪካ ሰው የምታስገባው በትውልድ አገር ኮታ ነበር፤ ኮታው ለሰሜን አውሮፓ ያደላል፤ የኢትዮጵያ ድርሻ በዓመት 100 ሰው ነበር። ሰው በአገር ውስጥ በዘሩ አይለይ ያለ ምክር ቤት በር ላይ በዘሩ ለይቶ ማስቀረቱን ሊቀጥል አልቻለም። በኋላ ዲቪ የመጣው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ለወንድም ጋሼ ይህን ስነግረው መሪውን እንደያዘ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«ዲቪ ሲደርሰኝ ዕድል ነው ብዬ ነበር» አለኝ። «እናቴም ስለት አስገብታለች። እነዚህን ሰዎች ግን ማንም አልነገረኝም።»

ብዙዎቻችን እዚህ አገር ስንመጣ ስለ ጥቁር አሜሪካዊ የሚነገረንን ክፉ ወሬ ቀድመን እንይዛለን፤ ከእነሱ የተለየን መሆናችንን ለማስረዳትም እንደክማለን። ልጆቻችን እዚህ በመወለዳቸው ብቻ ዜጋ የሆኑት ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎችን ዜግነት ለማጽናት በ1868 በወጣው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ይህን እያወቁ ያን ወሬ መድገም ነውር ነው፤ በየቡናው ላይ ሲደገም የሰማሁ ስለሆነ ነው ይህን የምጽፈው።

ስንመለስ ኋይት ሆል ላይ ቆምን፤ የድንኳን ከተማ የነበረበት ቦታ ነው። ያኔ ላውንድስ ውስጥ ከአምስት ሰው አራቱ ጥቁር ነበር፤ በ1965 መጀመሪያ ግን ከእነሱ አንድም የተመዘገበ መራጭ አልነበረም። መሬቱ የነጭ ነበር፤ ጥቁሩ እኩል አራሽ፣ ጭሰኛ። ሰልፈኞቹ ከሰልማ ወደ ሞንትጎመሪ 54 ማይል ሲሄዱ በመንገዱ ያደሩት በአብዛኛው መሬት በነበራቸው ጥቂት ጥቁር ገበሬዎች ማሳ ላይ ነው፤ ሌላ ማን ያሳድራቸዋል? የመምረጥ መብት ሕጉ ወጥቶ ጭሰኞቹ ሲመዘገቡ ባለመሬቶቹ ከነቤተሰባቸው ነቀሏቸው። በዲሴምበር 1965 የተፈናቀሉት እዚህ ድንኳን ተከሉ፤ ሌሊት ሌሊት ጥይት እየተተኮሰባቸው ከሁለት ዓመት በላይ ኖሩ። ከካውንቲው አልወጡም፤ ከወጡ ድምፃቸው ይቀራልና። የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ፤ ማንበብ ለማይችለው መራጭ ምልክታቸው ጥቁር ፓንተር ሆነ። በ1966 ያቀረቧቸው እጩዎች በሙሉ ተሸነፉ። በ1970 ግን ከመሥራቾቹ አንዱ ጆን ሁሌት የካውንቲው ሸሪፍ ሆኖ ተመረጠ።

እዚህ ላይ ብቆም ታሪኩ ያማረ ነበር። የላውንድስ አፈር ግን ጥቁር መረሬ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ውኃ አያሰርግም። የከተማ ፍሳሽ መስመር አብዛኛው ቤት አይደርስም፤ ለዚህ አፈር የሚሆን የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ደግሞ ዋጋው ከብዙ ቤተሰብ የዓመት ገቢ ጋር ይወዳደራል። ስለዚህ የመጸዳጃው ፍሳሽ በቱቦ ጓሮ ይወጣል። የዚሁ አካባቢ ልጅ ካትሪን ኮልማን ፍላወርስ ለዓመታት ስትጮህበት ኖራለች። በሜይ 2023 የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር መርምሮ ከአላባማ ጤና መሥሪያ ቤት ጋር የማሻሻያ ስምምነት ፈረመ። በኤፕሪል 2025 ቀጥሎ የመጣው አስተዳደር ስምምነቱን ራሱ ከከለከላቸው የብዝኃነት መርሐ ግብሮች ጋር ቆጥሮ ሰረዘው።

በመንገዱ ዳር በጓሯቸው ጎመን የሚለቅሙ እናት አገኘንና ሰላምታ ሰጠናቸው። ከየት እንደመጣን ጠየቁ፤ ኢትዮጵያ ስንላቸው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ጨበጡን። ሲቆይ ከጎመኑ ባሻገር ያለውን ረግረግ አሳዩን፤ ነጭ ቱቦ ሣሩ ውስጥ ያልቃል። ወንድም ጋሼ ወዴት እንደሚያይ ጠፋው። እሳቸው ግን አላፈሩም። ፎቶ አንሱት፣ ፊቴንም አስገቡት አሉን። እሳቸው ራሳቸው በየጊዜው እያነሱ የካውንቲው ኮሚሽን በተሰበሰበ ቁጥር ይዘው ይገባሉ፤ አንድም ስብሰባ ቀርቼ አላውቅም ነው ያሉን።